አዲስ ጫማና የሐረር መንገድ፦ ውኃ የቋጠረ እግር የሚነግረን ታሪክ

በጤና ጣቢያዎቻችን መዝገብ ላይ እምብዛም የማይሰፍር፣ ታማሚውም ባለሙያውም እንደ ዋዛ የሚያልፉት አንድ ጉዳት አለ። እርሱም አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ተረከዙ ወይም ጣቱ ውኃ ሲቋጥር የሚደርስበት ቁስል ነው። ባለቤቱ «ጫማው ላጠኝ» ይልና ሁለት ሦስት ቀን ያነክሳል፤ ጫማውን ይለውጣል፤ ቁስሉ ይደርቃል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ኤች አይ ቪ ዘወትር ለሚያስብ የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የመጽሔት ርእስ ማድረግ በመጀመሪያ እይታ ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ቁስል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ታሪኮች አሉት። ሕመም በሚሰማው እግር ላይ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሕመም በማይሰማው እግር ላይ ሲወጣ ግን እግሩን እስከ ማስቆረጥ ለሚያደርስ ጉዳት መነሻ ሊሆን ይችላል። ሐረር ከተማና አካባቢዋ እነዚህን ሁለት እግሮች በአንድ ዘመንና በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ አስተናግደዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ በአጭሩ መተረክና ዛሬ ለምንሰጠው የጤና ምክር የሚጠቅመውን ትምህርት ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንጠይቃለን።

ቁስሉ እንዴት ይፈጠራል?

ብዙ ሰው ጫማ እግርን የሚያቆስለው ቆዳውን ከላይ እየፋቀ ስለሚልጠው ይመስለዋል። ዋናው ጉዳት ግን የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የተረከዙ አጥንት ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ የላይኛው ቆዳ ግን ከካልሲውና ከጫማው ጋር ተጣብቆ ባለበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው የቆዳ ንብርብር በተደጋጋሚ ሲጎተትና ሲላላ ኤፒደርሚስ በሚባለው ክፍል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ይቀደዳሉ፤ በተፈጠረው ክፍተትም ውስጥ ፈሳሽ ይሞላል። ሰልዝበርገርና ባልደረቦቹ በ1966 ያወጡት ጥናት ይህን ሂደት በዝርዝር ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ነው። ውኃ የሚቋጠረው ቆዳው ወፍራምና ከሥሩ ጋር አጥብቆ በተያያዘባቸው እንደ ተረከዝ፣ የእግር መርገጫና የእጅ መዳፍ ባሉ ቦታዎች ላይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለጉዳቱ ሦስት ነገሮች ይተባበራሉ፤ እነርሱም ግፊት፣ እንቅስቃሴና እርጥበት ናቸው። በላብ የወረዛ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ ከካልሲው ጋር ይጣበቃል። አዲስ ጫማ ደግሞ ገና አልተለሰለሰምና እግሩ ሲታጠፍ አብሮ አይታጠፍም።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው የመሬቱ አቀማመጥ በዚህ ላይ ምን እንደሚጨምር ለመገመት አይቸገርም። በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጁገል በግንብ የታጠረና 368 ያህል ጠባብ መንገዶች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኛው መንገድ መኪና የማይገባበት፣ በድንጋይ የተነጠፈና ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቅበት ነው። ዳገት ሲወጣ ተረከዝ ከጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቁልቁለት ሲወረድ ጣቶች ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋሉ። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ እስከ በሮቹ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሁለቱንም ዓይነት ፍትጊያ በአንድ ጉዞ አግኝቷል ማለት ነው።

ሁለት ወጣቶች፣ አንድ ዓይነት ቁስል

በ1924 ክረምት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት የካልቪን ኩሊጅ ልጅ፣ ስሙም እንደ አባቱ ካልቪን የተባለው የ16 ዓመት ወጣት፣ በዋይት ሐውስ ግቢ ካልሲ ሳያደርግ በጫማ ብቻ ቴኒስ ተጫወተ። ጣቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣ። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ወደ ደሙ ገባ፤ ወጣቱም ቴኒስ በተጫወተ በሳምንቱ ሐምሌ 7 ቀን አረፈ። የአገሪቱ ምርጥ ሐኪሞች በአልጋው ዙሪያ ነበሩ፤ ፔኒሲሊን ግን ገና አልተገኘም ነበር። በዚያ ዘመን የእግር ጣት ቁስል የፕሬዚዳንትን ልጅ ሊገድል ይችል ነበር።

በ1960 ደግሞ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ለኦሎምፒክ ውድድር ሮም ደረሰ። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩንም ውኃ አስቋጠረው። አበበ በልምምድ ዘመኑ በባዶ እግር መሮጥን ለምዶ ስለነበር፣ ያልተላመደ ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ ጫማውን መተውን መረጠ። መስከረም 10 ቀን ማታ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ቀዳሚ ሆኖ ሲገባ ዓለም በባዶ እግሩ ተደነቀ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። ስለዚህ የሮሙ ውሳኔ የጫማ ጠላትነት አልነበረም፤ ለሕመም የተሰጠ ትክክለኛ ምላሽ ነበር። እግሩ ነገረው፤ እርሱም ሰማ።

የወታደሩ ጫማ

አዲስ ጫማን ማላመድ በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ በቁም ነገር የተጠናው ከሁሉ በፊት በጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። እግሩ የቆሰለ ወታደር መራመድ አይችልም፤ መራመድ የማይችል እግረኛ ጦርም ከቦታው አይደርስም። የአሜሪካ ጦር ሐኪም የነበረው ኤድዋርድ መንሰን ለዓመታት የወታደሮችን እግር ከመረመረ በኋላ በ1912 ስለ ወታደር እግርና ጫማ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት የወጣው የሠራዊቱ መመሪያ ጫማ የሚለካው ወታደሩ 18 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም ተሸክሞ፣ ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ አሳርፎ እንዲሆን አዘዘ፤ ምክንያቱም እግር በሸክም ሥር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ጫማውን ለማላመድም ወታደሩ ጫማውን እንዳደረገ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ ቆዳው እግሩ ላይ እስኪደርቅ ድረስ በደልዳላ መሬት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይራመዳል፤ በመጨረሻም ጫማውን ዘይት ይቀባል።

የዛሬ ባለሙያ ይህን ዘዴ እንዳለ አይቀበለውም፤ እርጥበት ፍትጊያን እንደሚያባብስ እናውቃለንና። በመመሪያው ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን ዛሬም አልሻረም፤ ጫማ የሚላመደው ከረጅም ጉዞ በፊት፣ ለአጭር ጊዜ፣ በደልዳላ ቦታ ላይ ነው።

በ1958 በሕንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ መቀመጫውን ሐረር ባደረገ ጊዜ፣ ከተማዋ ከስክስ ጫማ ያጠለቁ ወጣት ዕጩ መኮንኖች የሚሰለፉባት ሆነች። ምልምል ወታደር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው አንዱ ነገር እግሩን መጠበቅ ነው፤ ይህም ካልሲን መቀየርን፣ ማሰሪያን አስተካክሎ ማጥበቅንና ትኩስ ሆኖ የሚያቃጥለውን ቦታ ሳይቋጥር በፊት መሸፈንን ይጨምራል። ይህ ሁሉ ምክር በአንድ ያልተነገረ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ሰውየው ሲያመው ያውቃል የሚል እምነት።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ለዚህ የልምድ ዕውቀት ማስረጃ ጨምረውበታል። በ1998 በአሜሪካ ዕጩ መኮንኖች ላይ የተካሄደ አንድ ጥናት ላብን የሚቀንስ የአሉሚኒየም ክሎራይድ ቅባት እንደታዘዙት ለቀናት ከተቀቡት ውስጥ 21 በመቶው፣ ከሌሎቹ ደግሞ 48 በመቶው ከ21 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ውኃ መቋጠራቸውን አሳይቷል። ነገር ግን ቅባቱን ከተጠቀሙት ከግማሽ የሚበልጡት ቆዳቸው ስለተቆጣ ዘዴው ለሁሉ የሚመከር አልሆነም። ስስ የውስጥ ካልሲ ከወፍራም የውጭ ካልሲ ጋር ደርቦ ማድረግ፣ እንዲሁም ሊላጥ በሚችለው ቦታ ላይ ስስ የወረቀት ፕላስተር አስቀድሞ መለጠፍ በቀላሉ የሚገኙና ጥናት የደገፋቸው መከላከያዎች ናቸው።

የማይሰማ እግር

ዕጩ መኮንኖቹ በሚሰለፉበት በዚያው ዘመን፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው አቅጣጫ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ቢሲዲሞ ሌላ ዓይነት እግር ያላቸው ሰዎች ተሰባስበው ነበር። በሐረር የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መታከሚያ ከዚያ በፊትም ነበር፤ የካፑቺን ሚስዮናውያን የቅዱስ እንጦንስን የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መንደር የመሠረቱት በ1901 ነው። በ1957 ደግሞ በጀርመኗ የቩርዝቡርግ ከተማ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መርጃ ድርጅት የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው የቢሲዲሞን ማዕከል ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራ ድርጅት ልደቱ ከሐረር አጠገብ ካለች አንዲት መንደር ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ብዙ የሕክምና ባለሙያዎችም የታማሚው ጣትና እግር በበሽታው «በስብሶ የሚወድቅ» ይመስላቸው ነበር። ይህን እምነት ካፈረሱት ሰዎች ዋነኛው በደቡብ ሕንድ በቬሎር የሠሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ናቸው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ክትትል፣ ሥጋው ራሱ የመዳን ችሎታውን እንዳላጣ፣ ጥፋቱ የሚመጣው ነርቭ ተጎድቶ ስሜት ስለጠፋ መሆኑን አሳዩ። ታማሚው ምስማር ይረግጣል፤ ትኩስ ብረት ይጨብጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠባብ ወይም አዲስ ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ምንም አይሰማውም።

ዶክተር ብራንድ ኋላ በአሜሪካ በካርቪል ሲሠሩ በሰመመን በተያዙ አይጦች መዳፍ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ለአንድ ጊዜ ቢሆን ምንም የማያደርስ መጠነኛ ግፊት በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም በመጀመሪያ ቦታውን እንደሚያሞቀውና እንደሚያሳብጠው፣ ሳያርፍ ሲቀጥልም እንደሚያቆስለው ታየ። ይህ ግኝት የአዲስ ጫማን ነገር በሌላ ብርሃን ያሳየናል። ስሜት ያለው ሰው አዲስ ጫማ ሲያደርግ ሳያስበው አረማመዱን ይለዋውጣል፤ ክብደቱን ወደ ጎን ያዛውራል፤ ማሰሪያውን ያላላል፤ በመጨረሻም ያነክሳል። ማንከስ መከላከያ ነው። ስሜት ያጣው ሰው ግን አያነክስም፤ መጀመሪያ በረገጠበት ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው እየረገጠ ይሄዳል። ስለዚህ «ሲያምህ አውልቀው» የሚለው ምክር ለዕጩ መኮንኑ በቂ ነበር፤ ለቢሲዲሞው ታማሚ ግን ምንም አይፈይድለትም።

መፍትሔው ሕመምን በሥርዓት መተካት ሆነ። ሕመም ይሠራው የነበረውን ሥራ ሰዓት፣ ዓይንና እጅ እንዲሠሩት ማድረግ ማለት ነው። አዲስ ጫማ በሰዓት ተለክቶ ይደረጋል፤ ሲወልቅ እግሩ በዓይን ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። በአዲስ አበባ በ1965 የተመሠረተው አለርት በሥልጠናውና በኦርቶፔዲክ አውደ ጥናቱ የተለሳለሰ መርገጫ ያላቸውን መከላከያ ጫማዎችና ይህን ትምህርት በአገራችን ካስፋፉት ተቋማት ዋነኛው ነው።

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የተቀናጀውን የመድኃኒት ሕክምና ከመከረ በኋላ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚድን ሆኗል፤ አገራችንም በ1999 በብሔራዊ ደረጃ የታማሚዎች ቁጥር ከ10,000 ሰው ከ1 በታች የሆነበት ደረጃ ላይ ደርሳለች። ሆኖም ባክቴሪያው ሞተ ማለት የሞተው ነርቭ ተነሣ ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ጨርሶ «ድኗል» ተብሎ ከመዝገብ የተሰረዘ ሰው እግሩ እንደ ደነዘዘ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል።

ያው እግር በሌላ በር ሲመጣ

ዛሬ ስሜት ያጣ እግር በብዛት የሚመጣልን በስኳር በሽታ ምክንያት ነው። ሁኔታውን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እናስብ። ለብዙ ዓመታት ስኳር ያለባቸው አንድ የጁገል አባት ልጃቸው ከውጭ አገር አዲስ የቆዳ ጫማ ላከላቸው እንበል። ለዘመድ ሠርግ አደረጉት፤ ከጠዋት እስከ ማታ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። ማታ ቤታቸው ገብተው ሲያወልቁ ካልሲያቸው እርጥብ ነው። ላብ መሰላቸው። ጫማው ምቹ እንደሆነ ለልጃቸው በስልክ ነግረው አመሰገኑት፤ በማግሥቱም አደረጉት። በሳምንቱ የመጡት እግራቸው አብጦና ሸትቶ ነው። እኚህ አባት ቸልተኛ አይደሉም፤ እግራቸው ስላልነገራቸው ነው። ሊነግራቸው ይገባ የነበረው የጤና ባለሙያ ነበር።

ስለዚህ ስኳር ላለበት ወይም የሥጋ ደዌ ለነበረበት ሰው በክትትል ቀጠሮው ሁሉ ካልሲውን አስወልቀን እግሩን ማየት፣ በሞኖፊላመንትም ስሜቱን መፈተን ይገባናል። ስሜቱ የቀነሰ ከሆነም ስለ አዲስ ጫማ የሚከተለውን እንንገረው።

ጫማ የሚገዛው እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ፣ ቆሞ በመለካት ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ከማድረጉ በፊት እጁን አስገብቶ የውስጡን ስፌትና ጠጠር ይፈትሽ። በመጀመሪያው ቀን በቤት ውስጥ ከ1 ሰዓት አያስበልጥ፤ እግሩ ደኅና ከሆነ በየቀኑ ጥቂት እየጨመረ ይሂድ፤ በቀረው ሰዓት የለመደውን ጫማ ያድርግ። ለሠርግ፣ ለዓረፋ ወይም ለፋሲካ የተገዛ ጫማ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ መላመድ ይጀምር።

በምርመራው ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት «የቀላ ቦታ ፈልግ» ይላሉ፤ በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅ ይታመን። በእጅ ጀርባ ሁለቱን እግሮች በተመሳሳይ ቦታ እየዳሰሱ ማወዳደር፣ የሞቀ፣ ያበጠ ወይም የሚያብረቀርቅ ቦታ ሲገኝ ጫማውን መተው ይገባል። በ2000ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች በሁለቱ እግሮች መካከል ከ2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠ የሙቀት ልዩነት የቁስል ቅድመ ምልክት መሆኑን ተጠቅመውበታል።

ለሐረር ነዋሪ ይህን ሥርዓት ለማስለመድ ከባሕሉ ውስጥ ምቹ መሠረት አለ። በሐረሪ ቤት እንግዳም ባለቤትም ጫማውን ሳያወልቅ አይገባም። ሙስሊሙ ለሶላት ውዱ ሲያደርግ በቀን እስከ አምስት ጊዜ እግሩን በእጁ ያጥባል፤ ክርስቲያኑም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። እግር በየቀኑ የሚታይበትና የሚዳሰስበት ጊዜ አስቀድሞ ተዘጋጅቶልናል ማለት ነው፤ እኛ የምንጨምረው «ሲታጠቡ ተረከዝዎንና የጣቶችዎን መካከል ይዳስሱ፤ ካልሲ ከማድረግዎ በፊትም በደንብ ያድርቁ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ውኃ ከቋጠረስ? ስሜት ባለው እግር ላይ የወጣውን ትንሽ ቋጠሮ ሳያፈርጡ መሸፈን ይበቃል፤ ትልቅና የተወጠረ ከሆነ በንጹሕ መርፌ ከጠርዙ ተበስቶ ፈሳሹ ይወጣል፤ ቆዳው ግን መሸፈኛ ነውና አይገፈፍም። ስሜት ባጣ እግር ላይ የወጣ ቋጠሮ ግን ትንሽ የሚባል የለውም። እንደ ቁስለት ተቆጥሮ በዚያው ቀን በባለሙያ ይታይ፤ ከሁሉ በፊትም ያ እግር ከመረገጥ ይረፍ። የቬሎር ሐኪሞች ለወራት ያልዳኑ ቁስሎችን በጀሶ ጠቅልለው ያዳኑት በተለየ መድኃኒት ሳይሆን ለእግሩ ዕረፍት በመስጠት ነበር።

አበበ ቢቂላ ጫማውን ያወለቀው እግሩ ስለ ነገረው ነው። የቢሲዲሞ ታማሚዎች እግራቸውን ያጡት ደግሞ እግራቸው ዝም ስላላቸው ነው። በዛሬው ክሊኒካችን በር ከሚገቡት ሰዎች የትኛው እግር ተናጋሪ፣ የትኛው ዝምተኛ እንደሆነ ካልሲ ሳይወልቅ አይታወቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል የሚሠራው ትኩሳቱን ቀድሞ የሚዳስስ እጅ ሲኖር ነውና፣ ያ እጅ የእኛ ይሁን።